«አልለየኸኝም?»፦ ስለ መለያየትና ስለ መገናኘት ቃላት

ጠያቂ፦

በ1986 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አብረን የወሰድን ተማሪዎች ከ30 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንሰባሰብ ስለሆነ፣ የጥሪ ካርዱን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ኮሚቴው ለእኔ ሰጥቶኛል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የዳግም ግንኙነት ቀን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ነገር ግን ከኮሚቴው አባላት አንዷ አንብባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ምክንያቱን ግን ለመናገር አፈረች። ሌላው ደግሞ «ሪዩኒየን ብለሽ በፊደላችን ጻፊው፣ ሁሉም ይገባዋል» አለኝ። እኔ ግን ሰው ከሰው በተለየና በተገናኘ ቁጥር ይህን ያህል የሚናገር ቋንቋ ለዚህ ቀን ስም ያጣል ብዬ ለማመን ቸግሮኛልና እባካችሁ ርዱኝ። «ናፍቆት» የሚለውንም ቃል በካርዱ ላይ ለማስገባት ስላሰብሁ ፍቺውን ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው መላሽ፦

ባልደረባዎ በከንቱ አልሳቀችም። «ግንኙነት» ስለ ሰዎች ሲነገር፣ ይልቁንም «ዳግም» ሲቀደምበት፣ የዛሬ አንባቢ መጀመሪያ የሚያስበው የወንድና የሴትን ጉዳይ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ደግሞ መንግሥታትን ወይም «የሕዝብ ግንኙነት» የሚባለውን ቢሮ ያስታውሳል። ግሱ ግን እንዲህ ያለ ነውር የለበትም። «አገኘ»፣ «ተገኘ»፣ «ተገናኘ» እያልን ስንከተለው፣ «ተገናኘ» ማለት እርስ በርስ ተገኛኘ ማለት መሆኑን እንረዳለን፤ አንዱ ሌላውን ሲያገኘው በዚያው ቅጽበት ራሱም ለሌላው ይገኛል። «ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» የሚለው ተረትም የቆመው በዚሁ ግስ ላይ ነው። ስለዚህ ስሙን ትተው ግሱን ቢይዙ ይሻላል፤ «እንገናኝ» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይስቅም።

ሁለተኛው መላሽ፦

የናፍቆትን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፤ ከዚህ ቃል ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ።

አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ሄደ፤ ስልኩም ፖስታውም በረራውም ተቋርጦ ስለ ነበር 20 ዓመት ያህል በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ኖርሁ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የስልክ መስመሩ ሲከፈት ቀድሞ የደወለው እሱ ነበር፤ ቁጥሬን ከማን እንዳገኘ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ስሙን ሳይናገር «ድምፄን ለየኸው?» አለኝ፤ ወዲያው ለየሁት። ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አስመራ ካረፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሱ ራሱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ልቀበለው ቦሌ ቆሜ ሳለሁ ግን በፊቴ ሲያልፍ አልለየሁትም። እሱ ነው ተመልሶ ትከሻዬን የያዘኝ፤ «አልለየኸኝም?» ብሎ።

እንግዲህ ይህን «ለየ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። «ለየ» ማለት አንዱን ከሌላው አራቀ፣ ነጠለ ማለት ነው፤ «ተለየ» ራቀ፣ «ተለያየ» ተራራቀ ይሆናል፤ በሞት የሄደውንም «በሞት ተለየን» እንላለን። ነገር ግን ያው «ለየ» ማንነትን ማወቅ ማለትም ነው፤ ድምፅ ይለያል፣ መልክ ይለያል፣ ሕመም የጸናበት ሰው ደግሞ «ሰው መለየት አቃተው» ይባላል። ሁለቱ ፍቺዎች የተጋጩ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰውን ማወቅ ማለት ከብዙዎች መካከል ነጥሎ ማውጣት ስለሆነ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ከሚርመሰመሰው ሕዝብ መካከል ያን አንድ ፊት መነጠል አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ 20 ዓመት ተለያይቶ የኖረ ሰው በመጨረሻ ሲገናኝ የሚጠየቀው ጥያቄ በዚያው በመለያየቱ ግስ መሆኑ ለእኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። «አልለየሁህም»፣ «አላወቅሁህም» እና «ረሳሁህ» በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም። የመጀመሪያው የዓይንን ድካም ብቻ ይናገራል፤ ጥፋቱ የዘመኑና የሽበቱ ነው፣ ሰሚውም ይስቃል። ሁለተኛው ቀዝቀዝ ይላል፤ ፊትን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ባዳ ያደርጋል። ሦስተኛው ግን የልብ ነገር ነውና ለወዳጅ አይባልም። ጓደኛዬም «ረሳኸኝ?» ቢለኝ ኖሮ ክስ ይሆንብኝ ነበር፤ «አልለየኸኝም?» ሲለኝ ግን መልሱን አስቀድሞ ይቅር ብሎልኝ ነበር።

አሁን ወደ ናፍቆት። ተቃቅፈን ከተላቀስን በኋላ እኔ «ናፍቀኸኛል» አልሁት፤ እሱ ደግሞ ልጅነቱን በአማርኛ ያሳለፈ ቢሆንም ምላሱ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ ትግርኛ አዘንብሎ «ናፊቐካ» አለኝ። ሥሩ አንድ፣ የምንናገረውም ነገር አንድ ነበር፤ ሰዋስዉ ግን ተገልብጧል። በትግርኛው «ናፊቐካ» የግሱ ባለቤት ናፋቂው ነው፤ እኔ አንተን ናፈቅሁ ማለት ነው። በአማርኛው «ናፍቀኸኛል» ባለቤቱ የተናፈቀው ሰው ነው፤ አንተ በእኔ ላይ አንድ ነገር አደረግህ፣ እኔ ደግሞ ተቀባይ ነኝ። አማርኛ «ራበኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ትዝ አልኸኝ» እንደሚለው ሁሉ፣ ናፍቆትም ሰውዬው በራሱ የሚሠራው ሥራ ሳይሆን ከሌላው የሚደርስበት ነገር ነው። «ናፈቅሁህ ወይ?» ብሎ መጠየቅም «ትወደኛለህ ወይ?» እንደማለት የሚቃረበው ለዚህ ነው። እርግጥ አማርኛም ሌላውን መንገድ አልዘጋውም፤ «ልጁ እናቱን ናፈቀ» ብንልም «እናቱ ናፈቀችው» ብንልም ትክክል ነው። ፊት ለፊት ለተገኘ ሰው ግን ከአንደበታችን የሚወጣው «ናፍቀኸኛል» ነው፤ ያን ቀን ቦሌ ላይ እሱ የራሱን ድርሻ ሲናገር እኔ የእሱን ድርሻ እየተናገርሁ ነበር።

ሥሩንም ስናይ ግእዙ «መንፈቅ» ግማሽ ማለት ነው፤ «መንፈቀ ሌሊት» የሌሊት እኩሌታ ነው፤ የዓመትም ግማሽ «መንፈቅ» ይባላል። የናፈቀው ሰው ልቡ እኩል የተከፈለ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ የሆነ ሰው ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

የግእዝ መምህር፦

ወንድሜ፣ ታሪክዎ ልቤን ነክቶታል፤ በመጨረሻው አንቀጽ ግን ትንሽ ልቆጣጠርዎ። ከዚሁ ሥር የሚወጡት «ኑፋቄ» እና «መናፍቅ» ናቸው፤ በግእዝ «ናፈቀ» ማለት ተጠራጠረ፣ በሁለት አሳብ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ከግማሽነት ወደ ናፍቆት በቀጥታ መዝለል አይገባም፤ በመካከል ጥርጥር አለ። ቃሉ መጀመሪያ አሳቡ ለሁለት የተከፈለውን፣ መጽናት ያቃተውን ሰው ነገረ፤ አማርኛ ከዚያ ወስዶ ልቡ ካለበት ስፍራ የማይረጋውን ሰው መጥሪያ አደረገው ብንል ይቀናል። በነገራችን ላይ በቤተ ክርስቲያን «መናፍቅ» ብሎ መጥራትን የመሰለ ስድብ የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን «ናፋቂ» ስንል ግን ሰውን እናመሰግናለን። አንድ ሥር ይህን ያህል ሲራራቅ ማየት ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስቂኝ ነው።

ሁለተኛው መላሽ፦

መምህር፣ እርማትዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ጥርጥሩ በመካከል መግባቱ እንዲያውም ከእኔ ታሪክ ጋር ይስማማል፤ ሰውዬው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ የኖርሁበት ያ 20 ዓመት በሁለት አሳብ መቆም ነበርና።

ከዋሽንግተን የጻፈ፦

እኔ የማቀርበው «ጠፋህሳ!» የሚለውን ነው። አንድ ሰው ራሱ የት እንዳለ አሳምሮ እያወቀ፣ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ፣ ጓደኛው ስላላየው ብቻ «ጠፋህ» ይባላል። መልሱም ከዚያ የማይተናነስ ነው፤ «አለሁ፤ አንተ ነህ እንጂ የጠፋኸው» ይላል። ማንም ማንንም ሳያይ ከኖረ ሁለቱም የጠፉ ናቸው፣ ሁለቱም ያሉ ናቸው። ከላይ የተባለው «ተገናኘ» ከ«ተገኘ» መውጣቱ የሚገባኝ በዚህ ነው፤ የሚገኝ የጠፋ ነውና።

በእኔ ላይ ቃሉ በሌላም ፍቺው ደርሷል። «ጠፋ» አምልጦ ሄደ ማለትም ነው፤ እኔ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የጠፋሁ ሰው ነኝ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰኔ መጨረሻ የእግር ኳስ ውድድር ያካሂዳል፤ ከተማው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ከመጣው ሰው ብዙው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የሚያልፈውን ፊት ሲመረምር ይውላል። እኔም አንድ ዓመት በዚያ የቀድሞ የሰፈሬን ልጅ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ?» አለኝ። እኔም «እኔማ በሱዳን በኩል ጠፋሁ» ስለው መሬት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ «ምን እግር ጣለህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ይህም ሊፈታ የሚገባው አነጋገር ነው። ያልታሰበ ሰው ያልታሰበበት ስፍራ ሲገኝ ያመጣው አሳቡ ሳይሆን እግሩ ነው፤ እግሩ እንደ ሸክም አምጥቶ ጥሎታል ማለት ነው። ሱዳን የጣለኝ እግር ያው አሜሪካም ጥሎኛልና ለጥያቄው ሙሉ መልስ ለመስጠት አንድ ሌሊት ፈጅቶብናል።

አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ደስታው ብቻ ጻፋችሁ። በእኛ አገር ለብዙ ዘመን የተለየ ወዳጅ ሲመጣ ሳቁ ወዲያው አይጀመርም። እሱ በሌለበት የሞተ አለ፤ ከእሱም ወገን እኛ ሳንደርስለት የሞተ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ይላቀሳሉ፤ «ተላቀሱ» ማለት እንዲሁ አብረው አለቀሱ ማለት ብቻ ሳይሆን አንዱ ለሌላው ሟች አለቀሰ ማለት ነው፤ ዕዳ እንደ መከፋፈል ነው። ይህም «እርም ማውጣት» ይባላል። በቀብሩ ያልተገኘ ሰው እርሙን ሳያወጣ ከሟች ቤት እህል ቢቀምስ ይከብደዋል። «እርሜን አወጣሁ» ሲባል ተስፋ ቆረጥሁ ማለትም እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሥሩ ግን ይኸው ልቅሶ ነው። እርሙ ከወጣ በኋላ ነው ቡናው የሚፈላው፣ «እንኳን ዓይንህን ለማየት አበቃኝ» የሚባለው።

ለካርዱም አንድ ቃል ላዋጣ፤ «መጠያየቅ»። «ጠየቀ» ማለት ቃል አውጥቶ ጥያቄ አቀረበ ማለት ነው፣ ደግሞም ሊያይ ሄደ ማለት ነው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ ዘመድ ይጠየቃል። የተጠያየቁ ሰዎች ሁለቱንም አድርገዋል።

የመጀመሪያው መላሽ፦

እናታችን ካዋጡት በኋላ የእኔን «እንገናኝ» በደስታ እመልሳለሁ። አንድ የቀረ ነገር ብቻ፤ በካርዱ ላይ «ጓዶች» የሚል እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ቃሉ በደርግ ጊዜ የመንግሥት መጥሪያ ሆኖ ስለ ኖረ ዛሬም ስብሰባ ስብሰባ ይሸታል፤ «ጓደኞች» ግን ከዚያ ሁሉ ተርፏል። «ባልንጀራ» ይበልጥ ያምር ነበር፤ ባለ እንጀራ፣ ከአንድ ገበታ የቆረሰ ማለት ነው። በትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ የተካፈላችሁ ከሆነ በእናንተ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ጠያቂ፦

ተካፍለናል፤ ሽሮ ያመጣ ሁሉ ወጥ ያመጣውን ፈልጎ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ «የ1986 ባልንጀሮች መጠያየቂያ» የሚለውን ተቀብሏል፤ «ሪዩኒየን» ያለው ልጅ ብቻ ድምፁን ነፍጎናል። ናፍቆትን ከካርዱ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ በአካል ስንገናኝ ለየራሳችን ብንናገረው ይሻላል ብዬ ነው።

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልኝን እናት ምክር ሰምተን፣ ከምሳው በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት በእነዚህ ዓመታት ለሞቱት ጓደኞቻችን መድበናል። እስካሁን 11 ስም ደርሶኛል። አሁን የቸገረኝ በመርሐ ግብሩ ላይ ይህ ክፍል ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ነው፤ «እርም ማውጫ» ብዬ ብጽፍ ይቻል ይሆን?

አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ፦

አይቻልም ልጄ፣ እርም በጥሪ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ለሰርግ እንደሚላክ ካርድ ስታስቢው ራስሽ ታይዋለሽ። «መታሰቢያ» በይውና እዚያ ስትደርሱ ማልቀሱን ለእናንተ ተዪው። ስሞቹን ግን በጥንቃቄ አጣሩ፤ «ሞተ» የተባለ ሰው በዚያ ቀን በበሩ ሲገባ ያየሁበት ድግስ አለና።