«የጨዋታው ጠባይ ነው» በተባለው የሳም ቤኔት ክርን ላይ የተነሣ ክርክር

ሰላማዊት (ስካርቦሮ)፦
ትናንት ማታ እዚሁ የውይይት ቡድናችን ውስጥ ስለ ሳም ቤኔት ስንጻጻፍ ዮናስ «ሆኪ ነው፤ የጨዋታው ጠባይ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ ግን መዝጋት አልቻልኩም፤ ሲከነክነኝ አደረ። ሜይ 5 ቀን 2025 እዚሁ ቶሮንቶ በተደረገው፣ የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) ዋንጫ በሚወሰንበት የጥሎ ማለፍ ውድድር (ፕሌይኦፍ) የሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ፣ የፍሎሪዳው ቤኔት በግባችን ፊት አቋርጦ ሲያልፍ ክርኑ የግብ ጠባቂያችንን የአንቶኒ ስቶላርዝን ጭንቅላት መታው። ዳኛ ፊሽካ አልነፋም። ስቶላርዝ ለጥቂት ጊዜ ተጫውቶ ወደ ወንበሩ ሄደና እዚያው ሲያስመልሰው ታየ፤ ወደ ሆስፒታልም ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ፍልሚያው እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ሲዘልቅ እርሱ ዳግመኛ ግብ ላይ አልቆመም። የሊጉ የተጫዋቾች ደህንነት ክፍል ቤኔትን ለችሎት እንኳ አልጠራውም። ፍሎሪዳ እኛን ጥሎ አለፈ፣ ኤድመንተንንም አሸንፎ ዋንጫ አነሣ፣ ቤኔት ደግሞ 15 ግብ አግብቶ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ግብ ማግባቱን አልነፍገውም። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ግን ግብ ጠባቂ ነው፤ ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጦ «እማዬ፣ ለምን አልተቀጣም?» ብሎ ጠይቆኛል። ዮናስ፣ «ጠባዩ ነው» ብዬ ልመልስለት?

ዮናስ (ቶሮንቶ)፦
ሰላማዊት፣ የልጅሽን ጥያቄ አከብራለሁ፤ ንግግሬን ግን ግማሹን ብቻ ነው የወሰድሽው። እኔም እንደ አንቺ የቶሮንቶ ደጋፊ ነኝ፣ በዚያ ሽንፈት ያላዘነ ሰው የለም። ነገር ግን የጭንቅላት ምትን የሚከለክለው 48ኛው ደንብ ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዲሟሉ ይጠይቃል፦ ጭንቅላቱ ዋናው የተመታ ቦታ መሆን አለበት፣ ምቱም ሊቀር ይችል የነበረ መሆን አለበት። እኔ እንዳየሁት ቤኔት ፓኩን፣ ማለት የምንጫወትባትን ክብ ጎማ፣ እየተከታተለ በፍጥነት ሲያልፍ ነው የነካው። ርዝመቱ 200 ጫማ፣ ስፋቱ 85 ጫማ በሆነ በረዶ ላይ፣ መቶ ኪሎ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ሰዎች በስለት ላይ ሆነው ሲሮጡ መነካካት ይኖራል። ጠባዩ ነው ያልኩት ይህንን ነው እንጂ፣ የሰው ጭንቅላት መመታቱ ደስ ይለኛል አላልኩም።

ጋሼ ተስፋዬ (ቫንኩቨር)፦
ዮናስ ልጄ፣ «ጠባይ» ያልከውን ቃል አንሥቼ ልያዘው። እኛ ባደግንበት አገር ጠባይ የሚባል ነገር ይገራል፤ የከፋ ጠባይ ያለውን በሬ ገበሬው ጠባዩ ነው ብሎ ልጆቹ መሐል አይለቀውም። እኔ እዚህ ከተማ ስኖር የጨዋታውን ጠባይ ያለ ልጓም የለቀቁት ዕለት ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 የኮሎራዶው ስቲቭ ሙር የእኛን አምበል ማርኩስ ናስሉንድን ጭንቅላቱን መትቶ ጣለው። ዳኛው አልቀጣም፣ ሊጉም መርምሮ ሕጋዊ ነው አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በከተማው የሚወራው ስለ ፓክ ሳይሆን ስለ ብድር መመለስ ሆነ። ማርች 8 ቀን ሙር እዚህ ሲመጣ ቶድ በርቱዚ ከኋላ ሆኖ ማሊያውን ጨምድዶ ያዘው፣ በቡጢ መታው፣ ላዩ ላይ ወድቆም ፊቱን ከበረዶው ጋር አጋጨው። ሦስት የአንገት አጥንቶቹ ተሰበሩ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በርቱዚ 20 ጨዋታ አምልጦት ተመለሰ፣ የፍትሐ ብሔሩም ክስ እስከ 2014 ተጎትቶ በስምምነት ተዘጋ።

ይህንን ታሪክ የማነሣው በርቱዚን ለመርገም አይደለም፤ የመጀመሪያው ምት ዳኛ አለማግኘቱ ነው የሚቆጨኝ። እኛ ዘንድ ደም መላሽ የሚነሣው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ዳኛው ጉዳዩን አላየሁም ሲል፣ ሽማግሌም ካሳ ሳይቆርጥ ሲበተን ነው።

ሕይወት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ጋሼ፣ የደም መላሹ ነገር ልክ ነው፤ ግን ሊጉ አንዳንዱን ከልክ በላይ እንደሚቀጣም ይታሰብ። እኔ የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊ ነኝ። ቶም ዊልሰን በ2018 ከዝግጅት ጨዋታ ላይ የሴንት ሉዊሱን ኦስካር ሰንድክቪስትን በመምታቱ 20 ጨዋታ ታገደ። ኮሚሽነሩ ጋሪ ቤትማን ይግባኙን ውድቅ አደረጉት። ገለልተኛው ገላጋይ ግን ቅጣቱን ወደ 14 ዝቅ አደረገው፤ ውሳኔው ሲወጣ ዊልሰን 16 ጨዋታ ተቀምጦ ነበር። ደመወዙ ይመለስለታል እንበል፤ ያለፉትን ሁለት ጨዋታዎች ማን ይመልስለታል? የቤኔትን ክርን ዊልሰን ሰንዝሮት ቢሆን ኖሮ በነጋታው ለችሎት እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጥያቄው የጨዋታው ጠባይ ሳይሆን የተጫዋቹ ስም ሆኗል።

ሰላማዊት፦
ሕይወት፣ ስለ ስም ያልሽው እውነትነት አለው፤ ሆኖም ዊልሰንን የተበደለ አድርገሽ ማቅረብሽን አልቀበለውም። ሜይ 3 ቀን 2021 የኒው ዮርኩን ፓቬል ቡችኔቪችን በረዶው ላይ ተኝቶ ሳለ በቡጢ ሲመታውና አርቴሚ ፓናሪንን አንሥቶ ሲጥለው 5,000 ዶላር ብቻ ነው የተቀጣው፤ አልታገደም።

ጋሼ ተስፋዬ፦
እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። የኒው ዮርክ ክለብ የደህንነት ክፍሉ ኃላፊ ጆርጅ ፓሮስ ለቦታው አይመጥኑም ብሎ መግለጫ ሲያወጣ 250,000 ዶላር ተቀጣ። የተመታው ጭንቅላት ዋጋና የተናገረው አፍ ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ አስተውሉ። ሕይወት ልጄ፣ ዊልሰን ያን ካደረገ ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ፓኩ ገና ከዳኛው እጅ ሲወድቅ ስድስት ሰዎች ጓንታቸውን ጥለው መደባደብ ጀመሩ። በ2004 እዚህ ያየሁትን ነገር ነው በ2021 በቴሌቪዥን ያየሁት።

ሕይወት፦
ያ ቀን እኔንም አስደንግጦኛል፤ ዊልሰን ያን ዕለት መታገድ ነበረበት ብትሉኝም አልከራከርም። የእኔ ነጥብ ሚዛኑ አንድ ይሁን ነው፤ በ2018 ከብዶ በ2021 የቀለለ ሚዛን ሚዛን አይደለም።

ጌታሁን (ኤድመንተን)፦
ከቶሮንቶ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ሚዛን ስትናገሩ እኔ የማልረሳውን ላስታውሳችሁ። ኖቬምበር 16 ቀን 2024 የእናንተው ራያን ሪቭስ የእኛን ተከላካይ ዳርኔል ነርስን ከግቡ ጀርባ ዞሮ ሲወጣ ትከሻውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈበት። ነርስ ደሙ እየፈሰሰ ከሜዳ ወጣ። ሪቭስ ከጨዋታው ተባረረ፣ አምስት ጨዋታም ታገደ። በዚያ ሳምንት በዚሁ የውይይት ቡድናችን ውስጥ ዮናስ «አምስት በዛ፣ ነርስ ቀና ብሎ ማየት ነበረበት» ብሎ ጽፏል። ሰላማዊት፣ አንቺም ያን ጊዜ ዝም ብለሻል። ዛሬ የተመታው የእናንተ ግብ ጠባቂ ሲሆን ነው ደንቡ የተነበበው።

ሰላማዊት፦
ጌታሁን፣ ዝም ማለቴ እውነት ነው፤ ጥፋቴን እቀበላለሁ። ነርስ የተመታውን ምት ደግሜ አይቼዋለሁ፣ ለሪቭስ አምስት ጨዋታ ይገባው ነበር፤ ቢጨመርም አይበዛም።

ዮናስ፦
እኔ ግን ዛሬም አልመለስም። ተጫዋች ቀና ብሎ መሄድን ገና በልጅነቱ ይማራል፣ እኛም ተምረነዋል። በአሥር ዓመቴ እዚህ አገር ስመጣ በረዶ ላይ መቆም አልችልም ነበር። አሠልጣኙ ከመምታት በፊት ያስተማረኝ መመታትን ነው፤ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቄ እንዳልቆም፣ ፓኩን በእጄ እንጂ በዓይኔ እንዳልፈልገው። ይህንን የተማረ ሰው ይጠበቃል። ጥፋቱን ሁሉ በመቺው ላይ ከጫንነው፣ ተመቺው ራሱን መጠበቁን ይተዋል።

ሰላማዊት፦
ስቶላርዝ ግብ ጠባቂ ነው እኮ! ዓይኑ ፓኩ ላይ እንዲሆን ነው የተቀጠረው። ግቡን ትቶ መጪና ሂያጁን እንዲጠብቅ ነው የምትፈልገው?

ይህንን የምጠይቀው ስለተናደድኩ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ልጄ በሰፈር ጨዋታ ላይ ግቡ ውስጥ ተንበርክኮ ሳለ አንድ ልጅ በፍጥነት መጥቶ ጉልበቱን ከማስኩ ጎን አሳረፈበት። እኛ ካናዳ ውስጥ የሰውነት ግጭት ለዚያ ዕድሜ ከ2013 ጀምሮ ክልክል ነው። ዳኛው መቺውን ለሁለት ደቂቃ ብቻ ከሜዳ አስወጣው። ልጄን ሦስት ሳምንት ሙሉ መጋረጃ ዘግተን፣ ስልክና ቴሌቪዥን ከልክለን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኛሁት። በአራተኛው ቀን ሽሮ ሳቀርብለት ጭልፋው ከድስቱ ጋር ሲጋጭ የወጣው ድምፅ እንኳ አስለቀሰው። የመቺው ልጅ አሠልጣኝ በሩ ላይ ሲያገኘኝ የነገረኝ ቃል አንተ ትናንት ከጻፍከው ጋር አንድ ነው፦ የጨዋታው ጠባይ ነው። ስለዚህ ነው ቃሉን የያዝኩብህ።

ዮናስ፦
ይህንን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይማረው፤ አሁን ደኅና ነው?

ሰላማዊት፦
ይመስገን፣ ተመልሶ ይጫወታል። እኔ ነኝ መመልከት ያቃተኝ።

ጌታሁን፦
ሰላማዊት፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ። ዮናስ፣ ስለ «ጠባይ» አንድ ነገር ልጨምርልህ። ድሮ ያለ ሄልሜት መጫወትም የጨዋታው ጠባይ ነበር። ሊጉ በ1979 አዲስ የሚገቡት ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ ሲያዝ፣ ነባሮቹ ግን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ የእኛው የኤድመንተኑ ክሬግ ማክታቪሽ እስከ 1997 በባዶ ራሱ ተጫውቶ የመጨረሻው ሆኖ ወጣ። ከዚያ በፊት የሞንትሪያሉ ግብ ጠባቂ ዣክ ፕላንት በ1959 ፊቱ በፓክ ተተርትሮ ከተሰፋ በኋላ ማስክ ካላጠለቅኩ አልመለስም ሲል፣ የገዛ አሠልጣኙ ማስኩን አይወድለትም ነበር። የሰላማዊት ልጅ ዛሬ ያለ ማስክ ግብ ላይ ይቁም የሚል ሰው አለ? ጠባዩ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ሆኪም ሆኪ መሆኑን አልተወም።

ዮናስ፦
የማስኩን ነገር ከምቱ ጋር አታምታታው። ማስክ ተጫዋቹን ይጠብቀዋል እንጂ ጨዋታውን አይቀንሰውም። በየንክኪው እገዳ ከመጣ ግን ተጫዋቹ እጁን ሰብስቦ መሄድ ይጀምራል። ደግሞም የምትወቅሱት ፓሮስ ያለፈበትን አታውቁም። ገና ተጫዋች ሳለ፣ ኦክቶበር 2013 ሞንትሪያል ላይ ከእኛው ኮልተን ኦር ጋር ሲደባደብ በፊቱ በረዶው ላይ ወድቆ በቃሬዛ የወጣው እርሱ ነው። የጭንቅላት መናወጥ ምን እንደሆነ ከእኔና ከአንተ ይልቅ ያውቃል።

ጋሼ ተስፋዬ፦
ማወቁንማ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እርሱ ብቻውን አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ችሎቱ በስልክ ከሆነ ከአምስት ጨዋታ በላይ መቅጣት አይቻልም፤ ለበለጠ ቅጣት ተጫዋቹ በአካል እንዲቀርብ መጠራት አለበት። ስለዚህ ጥሪው ሲወጣ ፍርዱ በከፊል ወጥቷል ማለት ነው። የመታውን ሰው ከመስማታቸው በፊት በመጠኑ ይወስናሉ። ቤኔት ላይ ደግሞ ጥሪው ራሱ አልወጣም። ሊጉ ሲያግድ በቪዲዮ ምክንያቱን ያብራራል፤ ሳያግድ ሲቀርም ለተመታው ሰው ቤተሰብ ያንኑ ያህል ማብራሪያ ይገባቸዋል። ናስሉንድ ሲመታም በ2004 እንዲህ ያለ ማብራሪያ ወጥቶ ቢሆን ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሕይወት፦
ጋሼ፣ ያልታገደበት ምክንያት ይነገር የሚለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። አንድ ልጨምር፦ የታገደ ተጫዋች የሚያጣው ደመወዝ ለተጫዋቾች የድንገተኛ ችግር መርጃ ይገባል፤ ይህ ጥሩ ነው። በፕሌይኦፍ ግን ደመወዝ ስለማይከፈል እገዳው ከኪሱ ምንም አይነካውም። ቤኔት ቢታገድ ኖሮ የሚጎዳው ክለቡ ብቻ ነበር፤ ምናልባት ዝምታውም ከዚያ ይሆናል፣ ወሳኝ ሰው አውጥቶ የፍልሚያውን ውጤት የለወጠው ሊጉ ነው እንዳይባል።

ሰላማዊት፦
የእኛ ግብ ጠባቂ ሲወጣስ ውጤቱ አልተለወጠም?

ዮናስ፦
ሰላማዊት፣ በልጅሽ ጉዳይ ያ አሠልጣኝ የተናገረው ነውር ነው፤ ቃሉ የእኔ ከሆነ ለሕፃን ጨዋታ ማለቴ አልነበረም። ጋሼ ስለ ማብራሪያው ያሉትንም እቀበላለሁ። ለአዋቂዎቹ ጨዋታ ግን የጻፍኩትን አልሰርዝም።

ጌታሁን፦
ዮናስ፣ ስለ ነርስ የጻፍከውስ? ገና እዚሁ ቡድን ውስጥ አለ፤ ዛሬም አምስት በዛ ትላለህ? ሰላማዊት መልሳልኛለች፤ የአንተን እየጠበቅኩ ነው።