ለእስክንድርያው የአንድ ቀን ጉዞ የጋራ ሐሳብ እናርቅቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በካይሮ ስብሰባችን በተስማማነው መሠረት ወደ እስክንድርያ ደርሶ ለመመለስ ለሥራ አመራሩ የሚቀርበውን ሐሳብ በጋራ እናዘጋጅ። መነሻዬ ይህ ነው፦ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ካሉት አርቦች በአንዱ ከጧቱ 12 ሰዓት ከራምሲስ ጣቢያ በባቡር ተነሥተን፣ ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራልን፣ የሮማውያኑን ቲያትር፣ የኮም ኤል ሾቃፋን የመቃብር ዋሻ፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የቃይትባይን ምሽግና የሞንታዛን መናፈሻ እንጎብኝ።

አንዲት አባል፦
ጸሐፊያችን ስለ ድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም በሰው ቤት የምንሠራ እህቶች የዕረፍት ቀናችን አርብ ብቻ ስለሆነና ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አሠሪዎቻችን ቤት መግባት ስላለብን፣ በባቡሩ ደርሶ መልስ ወደ ስድስት ሰዓት ሲቀነስ በከተማው የሚተርፈን ጊዜ ጥቂት ነው። ባለፈው ጉዟችን ከአውቶቡስ ወርደን ፎቶ አንሥተን ስንወጣ ዋልን፤ ልጆቹም ምን እንዳዩ ሲጠየቁ መልስ አልነበራቸውም። ከስድስቱ ሦስቱ ይቅሩ።

አንድ አዛውንት አባል፦
እህታችን ልክ ነሽ። የሚቀረው የትኛውም ቢሆን ቅዱስ ማርቆስ ግን መጀመሪያ ይሁን ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ። ፍሬምናጦስ ለአክሱም ጳጳስ እንዲሾም ሊጠይቅ በአራተኛው መቶ ዘመን ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ከአንተ የተሻለ ማንን እንሾማለን ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ የላከው ከዚህ መንበር ነው፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሆነው እስኪሾሙ ድረስም የዚህ መንበር ልጆች ሆነን ኖረናል። እዚያ ቆሞ ለልጆቹ ይህን መንገር ሌላ ቦታ ላይ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሆሳዕና ዕለት በካቴድራሉ በር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ነፍስ ስለጠፋ ሲገባ ፍተሻ አለ፤ ሁሉም መታወቂያውን ይያዝ።

ሌላ አባል፦
እኛ ሙስሊም አባላት የጁምዓ ሰላታችንን በአቡል አባስ አል ሙርሲ መስጊድ ብንሰግድ ደስ ይለናል፤ እኒህ ሸይኽ በ13ኛው መቶ ዘመን ከአንዳሉስ የመጡ ሲሆኑ መስጊዱም ከቃይትባይ ምሽግ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከካቴድራሉ በኋላ ወደዚያው ሰፈር ብንሻገር፣ እኛ ስንሰግድ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች ምሽጉን ቢጎበኙ፣ ማንም ማንን ሳይጠብቅ በምሳ ላይ እንገናኛለን። ምሽጉ እ.ኤ.አ. በ1477 መሠራት የጀመረው መርከቦችን በብርሃን ይመራ የነበረው ጥንታዊው የፋሮስ መብራት ቤት በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። ነፋሱ ብርቱ ስለሆነና ማዕበሉ ድንጋዩን አልፎ ስለሚረጭ ሕፃናት የሚደረብ ልብስ ይያዙ።

አንዲት እናት፦
አርቡ በበዓለ ሃምሳ መሆኑ መልካም ነው፤ ጾም ስለሌለ ሁላችንም ከአንድ ገበታ እንበላለን። በምሽጉ አቅራቢያ ባለው በአንፉሺ ሰፈር ዓሣውን ከበረዶው ላይ ራስዎ መርጠው ያስመዝናሉ፤ ከዚያ ሙሉውን በፉርሽካ ለውሰው በፍም ላይ ሲጠብሱት ቆዳው ጠቁሮ ይሰነጠቃል፣ ሥጋው ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሒሳቡ በኪሎ ስለሆነ ሳይጠበስ በፊት ዋጋውን ተነጋግረን እንጨርስ። ዓሣ ለማይስማማው ፉልና ጣዕሚያ (ከተፈጨ ባቄላ የሚጠበስ) አለ።

የሒሳብ ሹሟ፦
የደርሶ መልሱን ትኬት አስቀድመን እንግዛ። ምሳውን እያንዳንዱ ይክፈል፤ መክፈል ለሚከብዳቸው ከማኅበሩ ሣጥን እንዲሸፈን እጠይቃለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። በረቂቁ ላይ ካቴድራሉ፣ ምሽጉ ከመስጊዱ ጋር፣ ምሳና የባሕሩ ዳር ብቻ ተይዘዋል። ቤተ መጻሕፍቱን ማየት የሚሹ ተማሪዎች ካሉ የአርብ መክፈቻ ሰዓቱን በስልክ እጠይቃለሁ። የመመለሻው ባቡር 11 ሰዓት ላይ እንዲሆን ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያዋ አባል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስንመለስ ወደ ደረስንበት ጣቢያ ከምንዞር በዚያው በእስክንድርያ ካለው ከሲዲ ጋብር ጣቢያ ብንሳፈር፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ የባሕር ዳሩን መንገድ ኮርኒሹን ተከትለን ባሕሩን እያየን እንጠቀምበታለን። ትኬቱ ሲገዛ ይህ ይታሰብልን።