የጋራ ሕግ ረቂቅ፦ ፕላስ አንድ ጦር እና ድግምት (ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ በዳይስ ለሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ፤ ከቡድኑ የጽሑፍ ውይይት)

ሰብሳቢ፦ ጎንደሮቹ ዓርብ ባሕር ዳር ይገባሉ። ሕጉ እስከ ማክሰኞ እጃቸው መግባት አለበት። ባለፈው ጨዋታው በምን እንደተበተነ ታውቃላችሁ። ያው ነጥብ ነው፦ «ፕላስ አንድ ጦር (በዳይሱ ላይ አንድ የሚጨምር አስማታዊ ጦር) ለድግምት ምት አይደመርም።» ተቃውሞ ያለው ዛሬ ይናገር።

ጉማሬ፦ እኔ አለኝ። ያንን ጦር ለማግኘት ሁለት ወር ተጫውቻለሁ። ጦሩ እጄ ላይ ነው፣ የድግምት እሳቱም የሚወጣው ከእጄ ነው። ለምን አይደመርም?

ዳኛው፦ ጦሩ የሚደመረው በጦሩ ስትመታ ነው። ለመምታትም፣ ለጉዳትም። እሳት ስትወረውር ግን ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ጥለህ የብቃት ጭማሪህንና የአእምሮ ጭማሪህን ነው የምትደምረው። ጦሩ እዚያ ሂሳብ ውስጥ የለም። ለድግምት የሚደመር ከፈለግህ ለጠንቋይ የተሠራ ዘንግ አለ። እሱም ለመምታት ብቻ ነው፣ ለጉዳት አይደመርም።

የዘጌዋ፦ ቡሚንግ ብሌድስ የሚባለውስ? ድግምት ነው፣ ግን የሚመታው በጦር ነው።

ዳኛው፦ እሱ ላይ ይደመራል። ምቱ የጦሩ ነው። ትሩ ስትራይክ የሚባለው ድግምት በ2014ቱ የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ ለሚቀጥለው ምት ዕድል ይጨምር ነበር። በ2024ቱ ግን ራሱ በመሣሪያ መምታት ሆኗል።

ጉማሬ፦ በማን አቆጣጠር ነው 2024?

ዳኛው፦ በፈረንጅ። አትቀልድ።

የዘጌዋ፦ በቃ ይህን ልዩነት ጨምሬ እኔ ታይፕ አደርገዋለሁ። ዛሬ ማታ ትጠብቁኛላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ። «ድግምት» የሚለው ይውጣ። ወረቀቱ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነው የሚለጠፈው። ጋሼ ካዩት ያባርሩናል። 1,500 ብር ቀብድ ከፍያለሁ፣ ማን ይመልስልኛል?

ጉማሬ፦ «ጠንቋይ» የሚለውስ ያልፋል?

ገንዘብ ያዥ፦ እሱም ይውጣ!

ሰብሳቢ፦ ጨዋታ መሆኑን አስረዳቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ አንተ አስረዳቸው። ባለፈው ዳይሱን አይተው «ቁማር ነው?» ያሉኝ እኔን ነው።

ደብተራው፦ «አስማት» በሉት። በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። ምንም ነውር የለበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ ግዕዝ አይቆጥሩም። ግን ከድግምት ይሻላል። ተስማማሁ።

ዳኛው፦ እኔ አልተስማማሁም። ጦሩም አስማታዊ ነው። «አስማታዊ ጦር ለአስማት ምት አይደመርም» ሲባል ማን ይገባዋል? የሕጉ ቁም ነገር ሁለቱን መለየት ነው!

ጉማሬ፦ ሁለቱም አስማት ከሆኑማ ይደመራል። አመሰግናለሁ ደብተራው።

ደብተራው፦ እኔ ስለ ቃሉ ነው ያወራሁት። ጦርህ ውስጥ አታስገባኝ።

ሰብሳቢ፦ «ስፔል» ብንለውስ?

ደብተራው፦ የእንግሊዝኛ ፈተና ይመስላል።

ገንዘብ ያዥ፦ «ኃይል»።

ዳኛው፦ «ኃይለኛ ጦር ለኃይል ምት»? ኧረ ባካችሁ! ደግሞ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ገና አልደረስንም። በ2014ቱ ተራ መሣሪያን የሚቋቋሙ ጭራቆች ግማሽ ጉዳት ነው የሚደርስባቸው። አስማታዊው ጦር ይህን ያልፈዋል። ጉማሬ፣ የጦርህ ጥቅም እዚህ ነው። አንድ ቁጥር ይዘህ አታልቅስ።

ጉማሬ፦ ማነው የሚያለቅሰው? አፍህን ሰብስብ።

ዳኛው፦ ሌላ ዳኛ ፈልጉ።

ሰብሳቢ፦ ተረጋጉ። ዘጌዋ፣ ታይፑ የት ደረሰ?

ሰብሳቢ፦ ዘጌዋ?

ደብተራው፦ ከትናንት ጀምሮ የለችም። ስልኳም አይሠራም።

ጉማሬ፦ እሺ ዳኛው፣ ይቅርታ። ተመለስ። ሌላ ሰው ጭራቁን እንደ በግ ነው የሚያጫውተው።

ዳኛው፦ እመጣለሁ። ግን አይደመርም።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሹን እንተወውና ጀልባ እንከራይ። ወረቀትም አይለጠፍ፣ ጋሼም የሉ።

ደብተራው፦ ማዕበል ሲነሳ ዳይሱን ከጣና ማን ያወጣዋል?

ሰብሳቢ፦ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ይሁን። አንደኛው ነጥብ አከራካሪ ስለሆነ ከረቂቁ ወጥቷል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ መዋጮ 300 ብር ከነምሳ።

ጉማሬ፦ ከወጣ ይደመራል ማለት ነው።

ዳኛው፦ አይደመርም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀብዴስ?

ሰብሳቢ፦ ምሳው ዓሣ ይሁን?

ደብተራው፦ ዓርብ? ጾም ነው እኮ።

ጉማሬ፦ ዓሣ በጾም ይበላል።

ደብተራው፦ ማን አለህ?