ከኩቤክ ውጪ በፈረንሳይኛ መስራት ያዋጣል እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ካናዳ ውስጥ ፈረንሳይኛ በብዛት ከሚነገርበት ከኩቤክ ክፍለ ሀገር ውጪ ያሉ በፈረንሳይኛ የሚሰሩ አርቲስቶች ተመልካች ከየት ነው የሚያመጡት? ዙሪያቸው ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ማለቴ ነው

ቀይ መጋረጃ፦ ያዋጣል ባይባልም ይኖራል። ዊኒፔግ ከተማ ሴንት ቦኒፌስ ሰፈር ያለው ሰርክል ሞሊዬር ቲያትር ከ1925 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ይሰራል እኮ

ዝም ባይ፦ ቶሮንቶም የፈረንሳይኛ ቲያትር አለ፣ ከመድረኩ በላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያሳያሉ፣ ችግሩ ቀልድ ላይ ነው፣ ፈጥኖ ያነበበው ተዋናዩ አፉን ሳይዘጋ ይስቃል ሃሃ

ቀይ መጋረጃ፦ 😂

ማታ ማታ፦ ምስራቅ ካናዳ ሞንክተን ከተማ ያሉት አካዲያኖች (የድሮ ፈረንሳዊ ሰፋሪዎች ዘሮች) ደሞ ቺያክ የሚሉት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የተደባለቀበት አነጋገር አላቸው፣ በሱም ይዘፍናሉ፣ ቋንቋ አበላሹ የሚል አይጠፋም፣ እኔ ግን ሰው ቤቱ በሚያወራበት ቢዘፍን ምን አለበት ባይ ነኝ። ከሄይቲና ከኮንጎ የመጡትን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አርቲስቶችም አትርሱ