የሰማዕታት ሐውልታችን ግራናይት እየወለቀ ነው፣ አስቸኳይ!

የሸዋበር ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። በጦርነቱ ለወደቁ የሰፈራችን ልጆች ባቆምነው ሐውልት ላይ፣ ስማቸው የተቀረጸበት ግራናይት ከላይ በኩል ግድግዳውን ለቋል። ጣት ያስገባል። ዝናቡም አላባራም። በምን ሙጫ ላጣብቀው? ዛሬውኑ ካልሆነ ይወድቃል።

ጦሳ፦ አብሽር ወንድሜ። ሲሚንቶ ቀጠን አድርገህ ክፍተቱ ውስጥ አፍስስበት። የቤታችንን ደረጃ እንዲሁ ነው ያደረግነው።

መምህር፦ ሐውልቱ ላይ ቀን ተጽፏል? ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ። መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ እያነበቡ ነው። ከሌለ ይጻፍ።

የሸዋበር ልጅ፦ እሺ መምህር፣ መጀመሪያ ግን ድንጋዩ ይትረፍ።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦ ድንጋዩ ላይ ቡናማ እድፍ ወርዷል?

የሸዋበር ልጅ፦ አዎ፣ ከሁለቱ ጥግ። በአሲድ እናጽዳው የሚሉም አሉ።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦ እንግዲያው ሙጫውን እርሳው። ከኋላ የያዘው ብረት ዝጓል። ብረት ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይገፋል። ሲሚንቶ ብታፈስበት ውሃው እዚያው ይታፈናል፣ ዝገቱም ይቀጥላል። ሙጫም እርጥብ ድንጋይ ላይ በደንብ አይዝም። ውፍረቱ 3 ሳንቲም ከሆነ፣ አንድ ካሬ ሜትሩ ብቻ 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አሁኑኑ ልጆች እንዳይጠጉ ገመድ ወጥር፣ በእንጨት ደግፈው። ከዚያ ቢያንስ ለአራት ሆናችሁ አውርዱት። አታጋድሙት፣ ጣውላ ላይ በጠርዙ አቁሙት። ጋድሞ ሲነሣ ነው መሃሉ የሚሰበረው። ዝናቡ ሲያባራና ግድግዳው ሲደርቅ በማይዝግ ብረት ይታሰራል። ከላይ ውሃ የሚገባበትን ድፈኑ፣ ከታች መውጫ ተዉለት። አሲድ በጭራሽ! ግራናይቱ ውስጥ ያለውን ብረት አስዝጎ እድፉን ያባብሰዋል።

ጦሳ፦ እኔ አሁንም ሲሚንቶ ባይ ነኝ። ቢሆንም ከአራቱ አንዱ ልሁን፣ ቡናው በአንተ።

የሆጤ እህት፦ የወንድሜ ስም እዚያ የለም። አስከሬኑ ስላልተገኘ ይቆይ ተባለና በዚያው ቀረ። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ቆማ ትፈልገዋለች። ድንጋዩ ከወረደ አይቀር እባካችሁ ጨምሩልን። የቀራጩን እኔ እከፍላለሁ።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ከታች ባዶ ቦታ ካለ ይቻላል። መሬት ላይ እያለ መቅረጹም ይቀላል። ቀራጩ ከመምጣቱ በፊት ሌላ የተዘለለ ስም ካለ ሰፈሩን ዙሩና ጠይቁ።

የሸዋበር ልጅ፦ እንጨት ፍለጋ ወጥቻለሁ። እህቴ፣ ስሙን እስከ አያቱ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ገንዘቡን ተይው፣ ሰፈሩ ይከፍላል።

ፒያሳ፦ ረጅም መሰላልና ጣውላ አለኝ። በየት በኩል ነው የምመጣው?