ከብሎካችን ሥር ላውንጅ፣ ከሜዳችን ላይ ችካል፦ የነዋሪ ማህበሩ ምን ብሎ ይጻፍ?

አራተኛ ፎቅ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። ሳይቱን አልጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከብሎካችን ሥር ካሉት ንግድ ቤቶች አንዱ እስከ አምና የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ነበር። ተከራዩ ወጣ፣ ሌላ ገባ፣ አሁን ላውንጅ ሆኗል። ስፒከሩን በረንዳ ላይ ነው የሰቀሉት። ከሐሙስ እስከ እሁድ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ዘፈኑ ባይሰማ እንኳን ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሕፃን ያላቸውና የማታ ፈረቃ ሠርተው የሚገቡት ጎረቤቶቼ ሊያብዱ ነው።

ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው በብሎኮቹ መሀል ያለችው ሜዳ ናት። ልጆች ኳስ የሚጫወቱባት፣ ለቅሶም ሰርግም ሲሆን ድንኳን የምንጥልባት። ሰሞኑን ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለው ሄዱ። ምን ሊሠራ ነው ብንል የሚነግረን ጠፋ። ወረዳ ሄደን ስንጠይቅ «ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር» ተባልን። የት? እዚያው ወረዳው ግቢ ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ። እስቲ ጉዳይ የሌለው ሰው የወረዳ ሰሌዳ ሊያነብ ይሄዳል?

ኮሚቴያችን አሁን ስብሰባ ጠርቶ «የነዋሪው አቋም» የሚል ደብዳቤ ሊያወጣ ነው። ሐሳቡ ሁሉንም አንድ ላይ አጭቆ፣ ፊርማ ሰብስቦ፣ ለወረዳ ጽፎ ለክፍለ ከተማና ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት በግልባጭ መበተን ነው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የትም ሲደርስ አላየሁም። ደግሞ ኮሚቴው ራሱ ኮሙናሉን፣ ማለትም የነዋሪውን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ለግሮሰሪ አከራይቶ፣ ስለ ድምፅ ሲነሳ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ምን ትላላችሁ? አንድ ደብዳቤ ወይስ የተለያየ? ለማን? በየትኛው ሕግ?

ጡረተኛው ጠበቃ
እህቴ፣ በፍጹም አትቀላቅሉት። ሦስት ቢሮ የሚመለከተውን ነገር በአንድ ወረቀት ካስገባችሁ ሦስቱም «እኛን አይመለከትም» የሚሉበት ቀዳዳ ታገኙላቸዋላችሁ።

ከድምፁ እንነሳ፣ እሱ ላይ ሕጉ ጠንካራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጀምሮ ቁጥር 1225 ላይ አስቀምጦታል፤ ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ነገር አያደርግም፣ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ፣ ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም። ንዝረት የሚለውን ልብ በሉልኝ፣ የእናንተ ቤዝ እሱ ነው። ልኩ ስንት ነው ካላችሁ፣ የአካባቢ ጥበቃ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ቦታ ቀን 55 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)፣ ሌሊት 45 ነው። ለንግድ ቦታ 65 እና 55። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። የላውንጁ ባለቤት «እኔ ያለሁት ንግድ ቤት ውስጥ ነው» ብሎ በንግዱ ቁጥር መከራከሩ አይቀርም። ስለዚህ አቤቱታችሁ ላይ ልኬቱ መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይደረግልን ብላችሁ ጻፉ። በጠራራ ፀሐይ በር ላይ ለክተው ከሄዱ ምንም አያገኙም።

የምታስገቡት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ጥቀሱ። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቅጂ መያዝ ያለባችሁ። በቃል «ነግረናቸዋል» ማለት ቀን አያስቆጥርም።

ከጽሕፈት መሣሪያ ወደ ላውንጅ የተቀየረውን ደግሞ ንግድ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ፈቃዱ ለየትኛው ሥራ ነው? ይቺን ጥያቄ ብቻ፣ በአንድ ገጽ።

የጀሞው ጸሐፊ
ጋሼ የሕጉን ጨርሰውታል። እኔ የሌላ ሳይት ማህበር ጸሐፊ ስለነበርኩ ከቢሮው ጠረጴዛ ማዶ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ደብዳቤ ይዘሽ ስትገቢ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ወከላችሁ?» ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ 370/1995 ማህበሩን የሕግ ሰውነት ያለው፣ መክሰስ የሚችል አካል ያደርገዋል፣ ግን ኮሚቴው ማህበሩ አይደለም። ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ የተጻፈበት፣ ስም ከቤት ቁጥር ጋር፣ ስንት ደገፈ ስንት ተቃወመ። የመተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ ስብሰባ ከስንት ቀን በፊት መጠራት እንዳለበት እዩ። ወረዳውን «ማስታወቂያ ደበቃችሁብን» እያላችሁ የራሳችሁን ስብሰባ ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ጠርታችሁ እሁድ ጠዋት ከወሰናችሁ፣ እመኚኝ፣ ይሄንን ቀድሞ የሚያነሳው ላውንጁ ነው።

ሌላ ማንም የማያወራው ነገር አለ። የማህበር አባል የሚሆነው የቤት ባለቤት ነው። እስቲ ብሎካችሁን ቁጠሩ፣ ስንቱ ባለቤት እዚያ ይኖራል? ግማሹ አከራይቶ ሌላ ሰፈር ነው፣ አንዳንዱ ውጭ አገር ነው። እንቅልፍ ያጣው ተከራዩ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ከታች ሙዚቃ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው። ጋሼ የጠቀሱት አንቀጽ 11 እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። «ማንኛውም ሰው» ይላል፣ ካርታ ያለው አይልም። ተከራዮች የራሳቸውን አቤቱታ በራሳቸው ስም ያስገቡ። ከማህበሩ ቀድመው ቢያስገቡም ችግር የለውም።

ኮሙናሉን በተመለከተ፣ ስብሰባው ላይ አጀንዳ አንድ አድርጉት። ውሉን፣ ኪራዩንና ገንዘቡ የት እንደገባ። እሱ ሳይጣራ ስለ ሌላ ሰው ጫጫታ አቋም መያዝ ዘበት ነው።

ባለ ግሮሰሪው
እኔ ደግሞ ከታች ያለሁት ሰውዬ ነኝ። የእናንተ ሳይት አይደለሁም፣ ሥራው ግን ያው ነው። ንግድ ቤቱን ባለቤቱ በጨረታ ነው የገዛው፣ ዋጋውን አከራይቶ ሊያወጣ ይፈልጋል፣ ኪራዩን በጽሕፈት መሣሪያ አትከፍለውም። ይሄን እወቁልኝ።

ድምፅ አልረብሽም አልልም። ግን ከላይ ካሉት አንድም ሰው ወርዶ «ወንድሜ፣ ልጄ አልተኛልኝም» ያለኝ የለም። በቀጥታ ደንብ ማስከበር ነው የመጣብኝ። ሲመጡ ስፒከሩን ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ ከጣሪያው አውርጄ ወለል ላይ ጎማ አንጥፌ አስቀመጥኩት፣ በሩን ከሦስት ሰዓት በኋላ መዝጋት ጀመርኩ። መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ ይሄንኑ አደርገው ነበር። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ስፒከር ለሁለተኛ ፎቅ ሰው ከበሮ ነው፣ ብዙ ባለቤት ይሄን አያውቅም።

ደግሞ እውነት እንነጋገር። በዚያችው ሜዳ ሰርግ ሲኖር ዲጄው እስከ ሌሊት ነው። ብረት ቤቱ እሁድ ጠዋት በግራይንደር ይፈጫል። የእምነት ቦታዎች ድምፅ ማጉያም አለ። አቋማችሁ ላይ የኔ ሙዚቃ ብቻ ከተጻፈ እሱ አቋም አይደለም፣ ጥላቻ ነው።

የጀሞው ጸሐፊ
እውነቱን ነው። የምንጩን ስም አትጥሩ። «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከቤት ውጭ ድምፅ ማጉያ አይኖርም፣ ድንኳን የሚጥል ለብሎኩ ቀድሞ ያሳውቃል፣ ብረት ቤት እሁድ አይሠራም» በሉ። ለሁሉም እኩል። የእምነት ቦታውን ደግሞ ሽማግሌ ልካችሁ አነጋግሩ እንጂ ደብዳቤ ላይ አትክተቱት። ሌላ እሳት ነው የሚነሳው።

ዲሲ ያለሁት
ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። እዚህ መጠጥ ቤት ልትከፍት ስታመለክት ማስታወቂያው የሚለጠፈው ራሱ ቤቱ በር ላይ ነው። ትልቅ ወረቀት፣ ከመንገድ የሚነበብ፣ የተቃውሞ ቀነ ገደቡ የተጻፈበት። ጎረቤት ለመቃወም የተቆረጠ ቀን አለው። ነዋሪዎች ተሰባስበው መቃወም ይችላሉ። በየሰፈሩ የተመረጠ የጎረቤት አማካሪ ኮሚሽንም አለ፣ አንድ ተመራጭ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ይወክላል፣ ደመወዝ የለውም። ኮሚሽኑ በጽሑፍ አስተያየት ከሰጠ የከተማው መሥሪያ ቤት የመቀበል ግዴታ የለበትም፣ ግን ለምን እንዳልተቀበለ ነጥብ በነጥብ መመለስ አለበት። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አብዛኛው ጉዳይ ክርክር ድረስ አይሄድም። ባለቤቱና ጎረቤቶቹ ተቀምጠው ይስማማሉ፣ በረንዳ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ሙዚቃ ውስጥ ብቻ ነው፣ ቆሻሻ መቼ ይወጣል፤ ፈርመው ያስገቡታል፣ የፈቃዱ አካል ይሆናል። ሌላ ገጽም አለው፣ ሁሉ ጥሩ እንዳይመስላችሁ። ዩ ስትሪት አካባቢ ሐበሻ ሬስቶራንት የከፈቱ ወገኖቻችን፣ አዲስ ገቢ ነዋሪ ባስነሳው ተቃውሞ ፈቃዳቸው ሲንጠለጠል ኪራይ እየከፈሉ የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ጊዜ ያለውና ስብሰባ መቀመጥ የሚችል ሰው ያሸንፋል። እናንተ ግን በር ላይ መለጠፍ የሚለውን ብቻ ብትወስዱ ይበቃችኋል።

ፕላን ነኝ
ስለ ሜዳው ማንም ስላልመለሰ ልግባ። «ግንባታውን እንቃወማለን» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ምን እንደምትቃወሙ ገና አታውቁም። መጀመሪያ ፕላኑን አውጡ። ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ (የመላው ከተማው) እና በአካባቢ ልማት ፕላኑ (የሰፈሩ) ላይ ምን ተብሎ ተቀምጧል? አረንጓዴ? ቅይጥ (መኖሪያም ንግድም)? የመኪና ማቆሚያ? ክፍለ ከተማ ፕላን ቢሮ ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አረንጓዴ ከሆነና ችካሉ የሕንፃ ከሆነ፣ ያኔ ጥያቄው ፕላኑ መቼና በማን ተሻሻለ ይሆናል። ከመጀመሪያውኑ ቅይጥ ተብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ክርክራችሁ ይቀየራል፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ መግቢያ መንገድ፣ ልጆቹ የት ይጫወታሉ ስለሚለው ነው የምታወሩት። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጮኹ ማህበሮች ብዙ አይቻለሁ፣ ወረዳው በአንድ ካርታ ዝም ያሰኛቸዋል።

ማስታወቂያው ላይ ግን አትለቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43(2) ማህበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንድትጠየቁ መብት ይሰጣችኋል፣ 92(3) ደግሞ አካባቢን በሚነኩ ፖሊሲና ፕሮግራሞች ላይ። ሰሌዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ማሳወቅ ሊባል ይችላል፣ ሐሳብ መጠየቅ ግን አይደለም። ረቂቁን ለነዋሪ ያሳያችሁት መቼ ነው፣ የት ነው፣ ማን ተገኘ፣ ቃለ ጉባኤው ይሰጠን። ይሄን ብቻ ጠይቁ። ከዚያ ለወደፊቱ የምትፈልጉትን ጻፉ፦ ማስታወቂያ ቦታው ላይና በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ፣ የመቃወሚያ ቀኑ ይጻፍበት።

አራተኛ ፎቅ
በጣም ነው የማመሰግነው። ሦስት ደብዳቤ እንዲሆን ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፣ ኮሙናሉ አጀንዳ አንድ እንዲሆንም። እሱ ላይ መልስ አልሰጡኝም። ላውንጁ ጋ ደግሞ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ወርደን ልናነጋግረው ነው፣ ባለ ግሮሰሪው እንዳለው መጀመሪያ በሰላም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ስልክ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ አፕ ማስረጃ ይሆናል?

ፕላን ነኝ
ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፣ ማስታወሻ ግን ይሆናል። ቀን፣ ሰዓት፣ የትኛው ክፍል፣ መስኮት ክፍት ነበር ዝግ፣ ቁጥሩ ስንት ነበር ብላችሁ በደብተር ያዙ፣ ባለሙያው መቼ መምጣት እንዳለበት ያሳየዋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። መለኪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ለሰው ጆሮ በተስተካከለው «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው፣ እሱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚያነበው። ቤዙ አልጋችሁን እያንቀጠቀጠ ቁጥሩ ከ45 ብዙም ላያልፍ ይችላል። ያኔ «በልኩ ነው» ብለው እንዳይሄዱባችሁ፣ አቤቱታው ላይ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ንዝረትም ብላችሁ ጻፉ፣ ጋሼ የጠቀሱት 1225 ላይ አለላችሁ።