የአጥሩ ሂቢስከስ፦ ለሚያዝያው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንዴት ከረማችሁ። ስለ መንገድ ዳሩ አጥር ለማኅበራችን የሚያዝያ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ይዘን እንቅረብ ተባብለን ነበር። እኔ ልጀምረው፤ እናንተ ቁረጡት፣ ቀጥሉት።

ትናንት ከጥበቃው ጋር ሆነን አጥሩን በሜትር ለካነው። 84 ሜትር ነው። ሽቦ ብቻ ስለሆነ የመንገዱ አቧራ ቀጥታ ምድር ላይ ያሉት ቤቶች መስኮት ውስጥ ይገባል። ሐሳቤ ከሽቦው ወደ ውስጥ በኩል ሂቢስከስ በመስመር እንትከል ነው። ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ነው። ያብባል። ከተገረዘ ግጥም ያለ አጥር ይወጣዋል። ባሕር ዳር ይስማማዋል ወይ የሚል ሰው ካለ ብሎክ 2 ደጃፍ ያለውን የእማማን ቀይ ሂቢስከስ ሄዶ ይይ።

የመጀመሪያው ረቂቅ፦ «ማኅበሩ በሐምሌ ወር 100 የሂቢስከስ ችግኝ ገዝቶ በአጥሩ ጥግ ይትከል።» ይኸው ነው። አስተያየት?

ብሎክ 5

አለኝ፣ ግን አትወዱልኝም። አምና ሐምሌም ተክለናል። ፎቶ ተነስተናል፣ ዳቦ ተቆርሷል። እስከ የካቲት ስንት ተረፈ? እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ሦስት። ሦስቱም መኪና የሚታጠብበት ቦታ ጎን ያሉት ናቸው። የሚያጠጣቸው ሰው ኖሮ አይደለም፤ ውሃው ራሱ ስለሚሄድላቸው ነው። ይሄ ረቂቅ «ይትከል» ይልና አራት ነጥብ ያደርጋል። እኛን የጣለን ግን ከአራት ነጥቡ በኋላ ያለው ነው።

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

እውነትህን ነው። የአምናውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አራት ነጥቡም የኔ ነው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን እንጻፈው። ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በግብርና ሥራ ነው የጨረሱት፤ እስቲ ይበሉን።

ሒሳብ ያዥ (ብሎክ 4)

ጋሼ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ጥያቄ። ለምን ቅንጭብ አይሆንም? ውሃ አይፈልግም፣ ፍየል አይነካውም፣ ቅርንጫፉን ሰክቶ መሄድ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለውን ብር የማውቀው እኔ ነኝ።

ብሎክ 1

ወንድሜ፣ ካዝናውን አንተ ታውቃለህ፣ ልጆቹን ደግሞ እኔ። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ገጠር ያደገ ሰው አይጠፋውም። ኳሷ አጥሩ ውስጥ በገባች ቁጥር ማን ነው ተሽሎክልኮ የሚያወጣት? በፍጹም።

ጋሼ (ብሎክ 6)

ልክ ብለሻል ልጄ። እግረ መንገዴን፣ ያ ቅጠለ ቀጭን፣ ቢጫ ጥሩንባ የመሰለ አበባ ያለው በየመንገዱ የሚተከለውም ይቅር። ሁለመናው መርዝ ነው፣ ልብን ያውካል። የወፍ ቆሎም ይቅር፤ ወፍ በበላው ቁጥር ጎረቤት ግቢ ይበቅላል። ሂቢስከስ እሾህም ወተትም የለው። ዘመዶቹ እነ ባሚያና እነ ጥጥ ናቸው፣ ጨዋ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ አጥሩ። ዛሬ ጠዋት ዶማ ይዤ ሦስት ቦታ ጫር ጫር አደረግኩት። ከብሎክ 1 እስከ 5 ድረስ ቀይ አፈር ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ግሩም ነው። ከዚያ ወደ ታች ያለው ግን ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃውን ይዞ ይተኛል፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የአምናው ችግኝ በድርቅ ብቻ የሞተ እንዳይመስላችሁ። ታች ያለው ገና በነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እኔም አይቼ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው። እዚያ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ መትከል ጀበና ውስጥ እንደ መትከል ነው። አፈሩን ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለን፣ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ሠርተን በላዩ እንትከል።

በችግኝና በችግኝ መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከሽቦው ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ ከኋላ በኩል መግረዝ ስቃይ ነው።

ብሎክ 5

84 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር 105 ችግኝ ይመጣል። ሰባት ብሎክ ነን። ለአንድ ብሎክ 12 ሜትር፣ 15 ችግኝ። ቁጥሩ ራሱ ተካፈሉኝ እያለ ነው።

ውሃውስ ጋሼ?

ጋሼ (ብሎክ 6)

በመጀመሪያው በጋ ለአንዱ ችግኝ በአንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ በሳምንት ሁለቴ። በየቀኑ ጭላፊ ውሃ ጠብ ማድረግ አይጠቅምም። ላዩን ብቻ ያረጥብና ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። ጥግብ አድርጎ አጠጥቶ መተው ነው፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ጣታችሁን ወደ አፈሩ ክተቱ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል።

ብሎክ 5

ስለዚህ በሳምንት 2,100 ሊትር። በ20 ሊትሩ ጀሪካን 105 ጀሪካን። ለአንድ ብሎክ 15 ጀሪካን። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ግንቦት ሰባት ወር ነው። ወገን፣ የምንነጋገረው ስለ አበባ ሳይሆን ስለ ጀሪካን ነው።

ብሎክ 7 (ቨርጂኒያ)

ሰላም፣ ከሩቅ ከአሜሪካም ቢሆን እየተከታተልኩ ነው። ቤቴን አከራይቼው ብመጣም ማኅበርተኛ ነኝ። እዚህ እኔም ሂቢስከስ አለኝ፣ በገንዳ። በረዶ ሳይመጣ ወደ ቤት ይገባል፣ ጸደይ ሲሆን ይወጣል። አንድ ኅዳር ላይ ለአንድ ሌሊት ረስቼው ጠዋት ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኖ ጠበቀኝ። እናንተ ውጭ ተክላችሁ ትረሱታላችሁ፤ ያልታደለ ሰው በየዓመቱ ተሸክሞ ይወጣል ይገባል። ሮቶ የሚገዛ ከሆነ የ5,000 ሊትሩን እኔ እችለዋለሁ፤ የጣሪያ ውሃ አጠራቅሙበት።

ብሎክ 5

እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን 5,000 ሊትር በሳምንት 2,100 ሲቀዳበት ለሦስት ሳምንት እንኳ አይደርስም። ዝናብ ደግሞ ባሕር ዳር በጥር አይመጣም። ስለዚህ ሮቶው ቧንቧ ለጠፋበት ሳምንት መጠባበቂያ ይሁን። ዋናው የልብስ እጥበት የመጨረሻው ውሃ ነው። በየቤቱ በየሳምንቱ ስንት ባልዲ ነው ወደ ቱቦ የምንደፋው?

ብሎክ 1

በረኪና የገባበት ግን አይሆንም፣ አይደል ጋሼ? የኔ ቤት ነጭ ልብስ ይበዛል።

ጋሼ (ብሎክ 6)

አይሆንም። የመጀመሪያው ወፍራም የሳሙና ውሃም ወደ ቱቦው ይሂድ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ። እሱንም ከንጹሕ ውሃ ጋር እያፈራረቃችሁ። ከሥሩ ዙሪያ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ብታለብሱት ውሃው በቶሎ አይተንም። ግንዱን እንዳይነካው ግን አንድ እጅ ያህል ራቅ አድርጉት፤ ግንዱ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል።

ብሎክ 4 (ወጣቱ)

ለማልበሻ ከጣና ዳር የታረመ እምቦጭ አምጥተን ብናደርገውስ? በነጻ ነው፣ ክምር አለ።

ጋሼ (ብሎክ 6)

ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነበር። ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይነሣል። የግቢያችን ቱቦ በክረምት ወዴት ነው የሚሄደው? ወደዚያው ወደ ሐይቁ። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ ያወጣውን እኛ በጓሮ በር አንመልሰው። ጭድ እንገዛለን።

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

ችግኙስ? ለ105 ችግኝ ብር ከየት እናምጣ እያልኩ ሌሊቱን ሳሰላ አደርኩ።

እማማ (ብሎክ 2)

ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ምን ብር ያስፈልጋል? የኔ ዛፍ ለማን ነው? ከሱ ቁረጡ። ይሄ ደጃፌ ያለውም ከጎረቤት በተቆረጠ አንድ እንጨት ነው የመጣ።

አቆራረጡን ልንገራችሁ። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ አይሆንም፣ ይጠወልጋል። ታች ያለው ደረቅ እንጨትም አይሆንም። መሐል ላይ ያለውን፣ ቅርፊቱ አረንጓዴም ቡኒም የሆነውን፣ እርሳስ የሚያህለውን። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ይሁን። ቢላዋው ስለት ያለው ይሁን፣ አታድቅቁት። ከአንጓው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አግድም ቁረጡ፤ ሥር የሚያወጣው ከአንጓው ነው። የታቹን ቅጠል ሁሉ ንቀሉ። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዉለት፣ እሱንም በመቀስ ግማሽ ግማሹን ቁረጡለት። ሥር የሌለው ነገር ሙሉ ቅጠል መቀለብ አይችልም። ከዚያ ሃይላንዱን ለሁለት ቆርጣችሁ፣ ታቹን በስታችሁ፣ አሸዋና አፈር ሙሉበት። እንጨቱን ግማሽ ድረስ ሰክታችሁ አፈሩን በጣት ጠቅ ጠቅ። ጥላ ውስጥ ይሁን። እርጥብ ይሁን እንጂ አይዋኝ። በወር ተኩል፣ በሁለት ወር አዲስ ቅጠል ሲገፋ ታያላችሁ። እስከዚያ እየነቀላችሁ ሥር አወጣ ወይ እያላችሁ አትዩት! ይሄ ልጅ እንደዚያ እያደረገ ሦስት ገድሎብኛል። (እሱን አልጽፍም ብዬ ነበር፣ ጻፍ አሉኝ።)

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሁሉም ስለማይዝ 150 እንቁረጥ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ለመትከል ግን መቁረጡ ጉባኤውን መጠበቅ የለበትም። አሁን በመጋቢት እንጀምር።

ሒሳብ ያዥ (ብሎክ 4)

ጉባኤው ሳይፈቅድ?

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

ቅርንጫፍ መቁረጥ የጉባኤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የእማማን ነው የሚጠይቀው።

ብሎክ 1

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሁሉም ቀይ ብቻ ሊሆን ነው? እኔ ቢጫውን ድርብርቡን እወደዋለሁ። ሁለተኛ፣ በረንዳዬ ላይ ያለው እንቡጥ ያወጣና ሳይፈነዳ ያራግፈዋል። ምን በደልኩት?

ሒሳብ ያዥ (ብሎክ 4)

ሦስተኛ ከኔ፦ ሻይ ይወጣዋል? ካርካዴው ይሄ አይደለም እንዴ?

ጋሼ (ብሎክ 6)

ከመጨረሻው ልጀምር። ካርካዴ የአክስቱ ልጅ ነው፣ እሱ አይደለም። በየዓመቱ የሚዘራ ነው፤ ለሻይ የሚደርቀውም አበባውን የሚያቅፈው ቀይ ወፍራም ቅጠል ነው። ከአጥሩ ሻይ አትጠብቅ።

ድርብርቦቹ የተዳቀሉ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ግን ይቀብጣሉ። ለአጥር ያ ተራው ቀዩ ይሻላል። ቢጫውን በር ላይ ሁለት ሦስት እንተክልልሻለን። እንቡጥ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ስለሚዘበራረቅ ነው፤ አንድ ሳምንት ይረሳል፣ በሚቀጥለው ይሰምጣል። የፈነዳው በማግስቱ ተጠቅልሎ ቢወድቅ ግን አትዘኚ፣ የአንዱ አበባ ዕድሜ አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ሌላ ይተካል።

ዩሪያ ማዳበሪያ ሰጥተሽው ከሆነም ንገሪኝ። እኔ ወጣት ሳለሁ ለአንዱ ዩሪያ ለቀቅ አደረግኩለት። ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ፣ አበባ ግን ዓመቱን ሙሉ አላየሁም። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያም አይስማማውም፣ ፎስፈረስ ሲበዛበት አይወድም። የበሰበሰ ፍግ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል።

ብሎክ 7 (ቨርጂኒያ)

ህንድ አገር በአበባው ጫማ ይወለውሉበታል። የጫማ አበባ የሚሉትም ለዚያ ነው። በር ላይ ያለው ሊስትሮ እንዳይሰማ!

ብሎክ 5

ፍየሎቹንስ ረሳችሁ? የመንገዱ ፍየል የሂቢስከስ ቅጠል ካገኘ አይምርም።

ጋሼ (ብሎክ 6)

ለመጀመሪያው ዓመት በሽቦው ታች በኩል እሾህ እናስርበታለን። ተባይም ይጻፍ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ቅጠሉ ሥር ካያችሁ፣ ጉንዳንም ሲመላለስ ካያችሁ፣ ጉንዳኑ የሚጠብቀው መንጋ አለ ማለት ነው። በሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከቅጠሉ በታች በኩል መርጨት። በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ።

በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ዝቅ ሲል ጥቂት ቅጠል ቢጫ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ውሃም አትጨምሩበት። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ጫፉ ይቀጠፍ፣ ከታች እንዲቀፈቅፍ። ዋናው መግረዝ በየዓመቱ በመጋቢት ይሁን። አበባ የሚመጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ በየወሩ በመቀስ የሚላጭ አጥር አያብብም።

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

በብሎክ 7 በኩል የማንጎው ጥላ አለ። እዚያ ፀሐይ ስለሚያጥረው አበባው ሊያንስ ነው ማለት ነው።

ብሎክ 7 (ቨርጂኒያ)

ሮቶ ገዝቼ ጥላው ለኔ ደረሰኝ። ይሁን።

ጸሐፊዋ (ብሎክ 3)

እሺ፣ የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦

«በመንገድ ዳሩ አጥር 105 ቀይ ሂቢስከስ እንዲተከል። ችግኙ ከብሎክ 2 ተቆርጦ በአባላት ይፈላል፤ ግዢ የለም። ተከላው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ ዋልካ ባለበት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ብሎክ 15 ችግኝ ይረከባል። ከጥቅምት 20 እስከ ግንቦት መጨረሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለእያንዳንዱ ችግኝ 10 ሊትር ያጠጣል። ማን እንዳጠጣ በጥበቃው ቤት በተሰቀለው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ማኅበሩ የሚያወጣው ወጪ ለአሸዋ፣ ለፍግ፣ ለጭድና ለእሾህ ብቻ ነው። ሮቶው በአባል ስጦታ ይገዛል። በየካቲት ጠቅላላ ቆጠራ ይደረጋል፤ ችግኝ የሞተበት ብሎክ አፍልቶ ይተካል።»

ፎቶው በሐምሌ ሳይሆን ከየካቲቱ ቆጠራ በኋላ ይሁን። ይሄን ረቂቁ ላይ አልጻፍኩትም፣ ግን አሰብኩበት።

ሒሳብ ያዥ (ብሎክ 4)

ግዢ የለም የሚለውን ካየሁ ወዲህ ቅንጭቡን ትቼዋለሁ። ብሎክ 4 ይፈርማል።

ብሎክ 1

እኛም። ቢጫው በር ላይ ይሁንልኝ።

ብሎክ 5

እፈርማለሁ። ቆጠራውን ግን እኔ ነኝ የማደርገው። ጀሪካኑስ ከየት ይመጣል?

እማማ (ብሎክ 2)

እኔ ጋ ሁለት አለ። አንዱ ክዳን የለውም።